ቅጠል ሳይቃጠል ይዘጋጃል

ጥር 11 ቀን ጃንሜዳ የዋለ ሰው የደጋን ፀሐይ ያውቃታል። ንጋት ላይ ጋቢ ደርበን፣ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ እንወጣለን። ጸበሉ ተረጭቶ ታቦታቱ ወደየመንበራቸው ሲመለሱ ግን ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማለች፤ ጋቢው ትከሻ ላይ ተጥሏል፤ ፊታችን እንደተገለጠ ነው የሚውለው። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ እንዲህ ውዬ ገባሁና በሦስተኛው ቀን የከንፈሬ ጥግ ይበላኝ ጀመር። ሲመሽ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ነገሮች ችፍ አሉበት፤ ሰውነቴም ተኮሰ። አያቴ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ። «ምች ነው። ፀሐይዋን ተሸክመሽ ዋልሽ፤ እሷ ናት» አለች።

ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ መጣች። በመዳፏ አሸችው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጨመቀችው፤ ጥቂቱን በቡና አጠጣችኝ፣ በቀረው ግንባሬንና የእጄን አንጓ አሸችኝ። ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ካደግሁና ከተማርኩ በኋላ ይህን ሁሉ የአሮጊት ወግ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ተሳስቼ ነበር። ያን የከንፈር ቁስል የሚያመጣው ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። አንዴ ሰውነት ውስጥ ከገባ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱም የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ይህ ቁስል የሚመላለስባቸውን 38 ሰዎች ከንፈር ለጨረር አጋልጦ ተመለከተ። መከላከያ የሌለበት ቅባት ተቀብተው ሲሞከር ቁስሉ በ27ቱ ላይ ወጣ። የፀሐይ መከላከያ ተቀብተው ሲሞከር ግን በአንዳቸውም ላይ አልወጣም። አያቴ ማይክሮስኮፕ አይታ አታውቅም። የነበራት ዓይን፣ ትዕግሥትና ለዓመታት ያየችውን የማይረሳ ልብ ነው፤ በዚያ ብቻ ፀሐይንና ምችን አገናኝታ ነበር። ዳማከሴውም ቢሆን ባዶ አልነበረም። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጭማቂው ትኩሳትንና ሕመምን ሲያስታግስ በአይጦች ላይ አይተዋል። ቫይረሱን ራሱን ይገድላል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ከንፈራችሁ ላይ የሚመላለስ ቁስል ካለ ሐኪም ያየው።

ይህን ያነሣሁት አያቴን ለማወደስ ብቻ አይደለም። እያንዳንዳችሁ ቤት እንዲህ ያለ እውቀት ተቀምጧል። ቆዳችሁን ለመንከባከብ፣ ምናልባትም አንድ ቀን የራሳችሁን ሥራ ለመጀመር፣ ከዚያ መነሣት ትችላላችሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅጠሉን ውደዱት፣ ግን ጠይቁት።

በመጀመሪያ ቅጠሉ ራሱ በፀሐይ ምን እንደሚያደርግ እንይ። የማንጎ ዛፍ አዲስ ሲያቆጠቁጥ አስተውላችሁ ከሆነ ለጋው ቅጠል አረንጓዴ አይደለም፤ ቀላ ያለ፣ ነሐስ የመሰለ ነው። አንቶሲያኒን የሚባል ቀለም ነው እንዲህ ያቀላው፤ ገና ያልጠናውን ቅጠል ከብርሃን ብዛት ይጋርደዋል ብለው ብዙ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ያምናሉ። የጠናው ቅጠል ደግሞ በላይኛው ስስ ሽፋኑ ውስጥ ፍላቮኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያከማቻል። ለዓይናችን አይታዩም። ጎጂውን አልትራቫዮሌት ውጠው ያስቀሩና ቅጠሉ ምግቡን የሚሠራበትን ብርሃን ያሳልፉለታል። እንደ ወንፊት ናቸው፤ እንክርዳዱን ይዘው ዱቄቱን ይለቃሉ።

ከዚህ ሁሉ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ሰዓቱ ነው። ዕፅዋት ዩቪአር8 የሚባል ፕሮቲን አላቸው፤ ቅርጹ እ.ኤ.አ. በ2012 በዝርዝር ታወቀ። ጥቂት ጨረር ሲነካው ይነቃና ፍላቮኖይዱ እንዲመረት ያደርጋል። ቅጠሉ ጠውልጎ፣ ጠቁሮ፣ ከተቃጠለ በኋላ አይደለም መከላከያውን የሚሠራው። በትንሿ ምልክት ይጀምራል፤ በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል። እግር የለውም፤ ጥላ ፍለጋ አይሄድም። በቆመበት ሆኖ ጥላውን ከራሱ ያወጣል።

እኛም የተሰጠን አለን። ጥቁር ቆዳ ሜላኒን አለው፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ልኬት እንደሚያሳየው ቆዳን ከሚያቃጥለው ዩቪቢ ጨረር በጥቁሮች የላይኛው ቆዳ የሚያልፈው 7 በመቶ ገደማ ሲሆን በነጮች ግን 24 በመቶ ያህል ነው። በክሬም ቋንቋ ካልን ከተፈጥሮ የተቀባነው መከላከያ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅም ልኬት) 13 ገደማ መሆኑ ነው። ያውም በነጻ! ነገር ግን የምንኖርበትን ከፍታ አንርሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ብርዱ ያታልለናል፤ አልትራቫዮሌት ሙቀት የለውምና ጋቢ የሚያስለብስ ንፋስ ባለበት ቀን እንኳ ጨረሩ ሥራውን ይሠራል። በማድያት ስትጨነቁ የኖራችሁ እህቶች ይህን በደንብ አንብቡልኝ። ማድያትን ከሚያብሱት አንዱ ብርሃን ነው፤ በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ በዓይን የሚታየው ብርሃን ጭምር። ለዚህ ነው የቆዳ ሐኪሞች የብረት ኦክሳይድ ያለበትን፣ የቆዳ ቀለም ያለውን መከላከያ የሚመርጡት።

ስለ ፀሐይ መጥፎ ብቻ እንዳወራ አይቆጠርብኝ። ሕፃን ልጅ ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ የእናቶቻችን ትክክለኛ ልማድ ነው፤ አጥንት ያለ ቫይታሚን ዲ አይጠናም።

አሁን ወደ ጭማቂዎቹ እንምጣ። ከቅጠል ተነጥረው ለቆዳና ለፀሐይ ከተጠኑት ውስጥ በጣም የተመረመረው የአረንጓዴ ሻይ ቅጠል ነው። በውስጡ ካቴኪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ሰዎች ቆዳ ላይ ተቀብተው ሲሞከር ከጨረር በኋላ የሚመጣውን መቅላት ቀንሷል። የሚሠራው ግን እንደ ጃንጥላ ጨረሩን በመጋረድ አይደለም፤ ጨረሩ ቆዳ ውስጥ የሚያስነሣውን ጉዳት በማብረድ ነው። ከዚሁ ቅጠል የተሠራ ቅባት እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በብልት አካባቢ ለሚወጣ ኪንታሮት በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት ሆኖ ጸድቋል። ተራ የምንለው የሻይ ቅጠል እዚያ ድረስ ሄዷል። ሌላው በመካከለኛው አሜሪካ የሚበቅል ፖሊፖዲየም የሚባል የፈርን ዓይነት ነው። የቅጠሉ ንጥር በእንክብል ይዋጣል፤ በትንንሽ የሰው ጥናቶችም የቆዳ መቃጠልን ቀንሶ ታይቷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፀሐይን በእንክብል እንከላከላለን የሚሉ ድርጅቶችን በይፋ አስጠንቅቋል። ደጋፊ ነው፤ ተተኪ አይደለም። ኮንሶና አርባ ምንጭ እንደ ጎመን የሚበላው ሽፈራው ደግሞ ቅጠሉ ሩቲን በሚባል ፍላቮኖይድ የበለጸገ ነው። እኔ ድስት ውስጥ እመርጠዋለሁ።

«ይህ ቅጠል ኤስፒኤፍ ይህን ያህል አለው» የሚል ነገር ስታዩ አትቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ የመጣው ከማንሱር ስሌት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ዘዴ ነው። የቅጠሉ ንጥር በአልኮል ይሟሟል፣ ትንሽ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይጨመራል፣ ከ290 እስከ 320 ናኖሜትር ያለውን ጨረር ምን ያህል እንደዋጠ በየ5 ናኖሜትሩ ይለካል። ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ከመቶ ቅጠል ውስጥ ተስፋ ያለውን አሥሩን ለመምረጥ ያገለግላል። ነገር ግን መስታወት አያልበውም። መስታወት ነጠላ አይነካውም፣ ፊቱን አይጠርግም። ፊት ላይ የተቀባ ጭማቂ ይደርቃል፣ ይቆራረጣል፣ በብርሃኑ ራሱ ይበላሻል። ስለዚህ ቤት የተጨመቀ ቅጠል፣ የቱንም ያህል ብንወደው፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ ብቻውን አንታመንበትም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ጤና አዳም ልናገር፤ ምክንያቱም ይህን ሳላውቅ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ስኒው ላይ ጣል የምናደርጋት ቀንበጥ አይደለችም የምታሳስበኝ። የጤና አዳም ጭማቂ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያርፍበት እነዚህ ነገሮች ዩቪኤ የሚባለውን የአልትራቫዮሌት ዓይነት ይውጡና የቆዳ ሕዋሶችን ያቆስላሉ። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቆዳው ይቀላል፣ የፈላ ነገር እንደነካው ውኃ ይቋጥራል፤ ሲድንም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የሚቆይ ጥቁረት ይተዋል። ለጤና ብለው ጤና አዳም አሽተው ሕፃን ሰውነት ላይ የሚቀቡ እናቶችን አውቃለሁ፤ ፍቅራቸውን አልጠራጠርም፤ ልጁን ይዘው ፀሐይ ላይ እንዳይወጡ ግን እማጸናለሁ። ሎሚም እንደዚሁ ነው። ማድያት ያጠፋል ተብሎ ሎሚ ፊት ላይ ማሸት በየሰፈሩ ይመከራል። ሎሚ ተቀብታ ፀሐይ ላይ የወጣች ሴት ግን ልታጠፋው ከፈለገችው የባሰ ጥቁረት ልታተርፍ ትችላለች። እጃችሁን በሎሚ ካሻችሁም ከመውጣታችሁ በፊት በሳሙና ታጠቡ።

የሚገርመው ይኸው አቃጣይ ነገር ሲለካ መድኃኒት መሆኑ ነው። በዓባይ ዳር የሚበቅል አሚ ማጁስ የሚባል ተክል ዘር ፉራኖኩማሪን አለው፤ ግብፃውያን ከጥንት ጀምሮ ለለምጽ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካይሮ ውስጥ ዶክተር አብደል ሞኒም ኤል ሞፍቲ ንጥረ ነገሩን በመጠን ሰጥቶ፣ ሕመምተኞቹን በመጠን ፀሐይ አሙቆ፣ ለለምጽ ሕክምና መሠረት ጣለ። ዛሬ በዓለም ሆስፒታሎች ለለምጽና ለሌሎች የቆዳ በሽታዎች ከሚሰጡት የጨረር ሕክምናዎች አንዱ ከዚያ ይቀዳል። ኤል ሞፍቲ የአባቶቹን ተክል አልናቀም፤ እንዲያው በእምነትም አልተቀበለውም። ለካው።

እሬትን ሳልጠቅስ ባልፍ እናቶች ይቀየሙኛል። ልጅ ጡት የሚያስጥሉበት፣ «እንደ እሬት የመረረ» የምንልበት ያ ተክል በኢትዮጵያ ከ40 በላይ ዝርያ አለው፤ አንዳንዱም ከዚህ ምድር ሌላ የትም አይገኝም። የሚመርረው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ነው፤ ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል። የሚፈለገው መሐል ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ነው። ለቆዳ የሚሆነው በየአትክልት ቦታው የሚሸጠው፣ አሎቬራ የምንለው ዓይነት ነው፤ የሜዳውን እሬት ሁሉ እኩል አትመኑ። የውጩን ቅጠል ቆርጣችሁ ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አቁሙት፤ ቢጫው ይንጠፍጠፍ። እጠቡት፣ ቅርፊቱን ላጡት፣ ዝልግልጉን በማንኪያ ውሰዱት። መጀመሪያ ክርናችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ቆዳችሁን ካላስቆጣ ከፀሐይ መልስ የደረቀ ቆዳን ያረጥባል፣ ያቀዘቅዛል። ፀሐይ አይከላከልም፤ ከፀሐይ በኋላ ያስታምማል። የተረፈውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን፤ ከዚያ ወዲያ ጣሉት። ማቆያ የሌለበት የቅጠል ጭማቂ ለዓይን ጤነኛ መስሎ ባክቴሪያ ያፈላል።

ታዲያ ከነገ ጠዋት ምን እንጀምር? ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ጥላ ፈልጉ። ሰዓት ካልያዛችሁ መሬቱን ተመልከቱ፤ ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ፀሐይዋ በርትታለች። እናቶቻችን ጃንጥላ የሚዘረጉት ለዝናብ ብቻ ሳይሆን ለጠራራም ነበር፤ ያንን ልማድ መልሱት፣ ወንዶችም ጭምር። ነጠላ ግንባር ላይ ዝቅ አድርጉ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት መግዛት ከቻላችሁ ኤስፒኤፍ 30ና ከዚያ በላይ የሆነውን ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ ተቀቡ፤ ቀጭን አድርጎ መቀባት ቁጥሩን ከንቱ ያደርገዋል። ከንፈርን አትርሱ፤ ምች የሚመታችሁ በተለይ። ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት። መግዛት ካልቻላችሁ ባርኔጣና ጥላ ብቻ ብዙ ሥራ ይሠራሉ፤ ምንም አላደረግሁም ብላችሁ አትዘኑ። ቆዳ ያነጣሉ ተብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡትን ቅባቶች ግን ተዉአቸው። ብዙዎቹ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ አለባቸው፤ የተፈጥሮ መከላከያችሁን ሜላኒን ነው የሚገፉት።

ከእናንተ መካከል ይህን ከራሱ ቆዳ አልፎ ሥራ ሊያደርገው የሚመኝ ወጣት እንዳለ አውቃለሁ። ላንቺና ለአንተ የማዳጋስካሩን ተመራማሪ አልበርት ራኩቶ ራትሲማማንጋን ላስታውስ። በአገሩ ታላፔትራካ የሚባል ትንሽ ክብ ቅጠል ያለው ተክል ነበር፤ ሕዝቡ ቁስል ይፈውስበት ነበር። ራትሲማማንጋ ከፈረንሳዊው ፒየር ብዋቶ ጋር ሆኖ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ነገር መረመረ፤ ብዋቶ በሥጋ ደዌ ታማሚዎች ቁስል ላይ ሠርቶበት ነበር። ከዚያ ማዴካሶል የሚባል የቁስልና የጠባሳ መድኃኒት ወጣ። ራትሲማማንጋ እ.ኤ.አ. በ1957 በአገሩ የምርምር ተቋም አቋቋመ። ዛሬ በየአገሩ የውበት መደብር «ሲካ» ተብሎ የሚሸጠው ክሬም መነሻው ይኸው ተክል ነው። አፍሪካዊ አያት የምታውቀው ቅጠል፣ አፍሪካዊ ልጅ የለካው ቅጠል።

የእናንተም መንገድ ከደብተር ይጀምራል። አያታችሁ የምትለውን ሳትቆርጡ ጻፉ፤ ቅጠሉ መቼ ይቀጠፋል፣ ማን አይነካውም፣ ምን ጉዳት ታይቶበታል። ቀንበጡን በጋዜጣ መሐል አድርቃችሁ አራት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ውሰዱና ሳይንሳዊ ስሙን አስለዩ፤ አንድ የአማርኛ ስም ለሦስት ተክል ይሰጣልና። ቅጠል ስታደርቁ ጥላ ላይ ይሁን፤ የምትፈልጉትን ንጥረ ነገር ፀሐይዋ ቀድማችሁ እንዳትወስደው። ከኬሚስትሪ ወይም ከፋርማሲ ምሩቅ ጋር ተሻረኩ። የማኅበረሰብን እውቀት ወደ ገበያ ስታወጡ ማኅበረሰቡ ድርሻ እንዲኖረው የሚያዝዝ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ ለአያቶቻችን የወጣ አዋጅ ነውና በደስታ አክብሩት። ለመሸጥ ስትደርሱ ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ ጠይቁ። ረጅም ነው? አዎን። ግን ይቻላል፤ በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ፣ በኪሊማንጃሮ ሥር፣ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ኪሊሰን የሚባል የፀሐይ መከላከያ እዚያው እየተመረተ ይታደላል። ሜላኒን ለሌለው ልጅ ያ ቅባት ውበት አይደለም፤ ዕድሜ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ጠርሙስ የአማርኛ ጽሑፍ ለጥፎ ከእናንተ እጅ ሲወጣ ለማየት እጓጓለሁ።

እኔ በኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ በቀለም ጣሳ የተከልኩት ዳማከሴ አለኝ። ቁራጩን ያመጣሁት ከአያቴ ጓሮ ነው። ያለፈው ጥምቀት ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ፣ የእህቴን ልጅ በሩ ላይ አቁሜ ከንፈሯን መከላከያ ቅባት ቀባኋት፤ ባርኔጣዋን አገጯ ሥር አሠርኩላት። «አክስቴ፣ ፀሐይዋ እኮ አልወጣችም» አለችኝ። ለዚህ ነው አልኳት። ከጣሳው አንድ የዳማከሴ ቅጠል ቀጠፈች፣ በትንሽ መዳፏ አሸችው፣ አሸተተችውና ኪሷ ውስጥ ከታው ወደ ደረጃው ሮጠች።